የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ለቤት ኔትወርክ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል?

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ቤታቸው ያሉትን ኮምፒውተሮች ምን እንደሚያደርጓቸው የሚጠይቁን አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች እዚህ አሰባስበን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቤታችን አራት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ኮር አይ3-3220 የሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሁለቱ ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ላፕቶፖች ናቸው፤ አራተኛው ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ነው። ፎቶና ሰነድ በፍላሽ ማመላለስ ሰልችቶናል፣ ቫይረሱም አስቸግሮናል። አንድ ኔትወርክ ላይ እንዲሠሩ ሁሉንም ወደ አንድ ሲስተም ማምጣት አለብን?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያስፈልግም። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ፋይል የሚቀባበሉት ኤስኤምቢ በሚባል አንድ ፕሮቶኮል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ባለቤቱ የለመደውን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። በደንብ ሊታሰብበት የሚገባው የጋራ ፋይሉን የሚይዘው ማሽን ነው። እሱ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ አፕዴት አገኘሁ ብሎ በሥራ መሀል ጠፍቶ መነሣት የለበትም፣ ልጆችም ጌም አይጭኑበትም። ለዚህ ሥራ ምርጫችን ሊኑክስ ነው፤ አሮጌው ዴስክቶፕዎም ይበቃዋል።

ያንን ዴስክቶፕ ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሳደግ አይድከሙ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራል፤ 3220 ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ስምንተኛ፣ 10210 ደግሞ አሥረኛ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ሲሆን፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውንም የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ፍተሻውን ዘሎ የሚጭን ፍላሽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት የአፕዴት ዋስትና አይሰጥም። የቤተሰብ ፎቶ ለሚይዝ ማሽን ይህ አይሆንም።

ኦፕንሚዲያቮልት ይጫኑበት። በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነጻ ሲስተም ነው፤ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ ትእዛዝ ሳይጽፉ ከሌላ ኮምፒውተር በብራውዘር ይመራል። ትሩናስ የሚባለው ተፎካካሪው ጠንካራ ቢሆንም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ስለሚፈልግ ለእርስዎ አይመችም። ትእዛዝ መጻፍ የማይከብደው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 ላይ ሳምባ የሚባለውን፣ ሊኑክስ በኤስኤምቢ ፋይል እንዲያጋራ የሚያደርገውን ፕሮግራም መጫንም ያው ነው።

ሁለት ዲስክ ያስፈልግዎታል፣ ምክንያቱም ኦፕንሚዲያቮልት ሲስተሙ የሚቀመጥበትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይወስዳል። ለሲስተሙ 60 ወይም 120 ጊጋባይት ያገለገለ ኤስኤስዲ በቂ ነው። ፍላሽ ላይ መጫን ቢቻልም ሲስተሙ በየጊዜው ስለሚጽፍበት ፍላሹ ቶሎ ያልቃል። ለፋይሎቹ ደግሞ ባለ 1 ወይም 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያዘጋጁ። ጭነቱ እስኪያልቅ የፋይሉን ዲስክ ገመድ ነቅለው ያስቀምጡት፤ ጫኚው የዲስኮቹን ዝርዝር ሲያሳይ የተሳሳተውን የመረጠ ሰው የዓመታት ፎቶውን በደቂቃ ያጣል።

ጭነቱ ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የኮምፒውተሩ አድራሻ ይታያል። ራውተሩ ውስጥ ገብተው ያ ማሽን ሁልጊዜ አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10፣ እንዲሰጠው ያድርጉ። ከዚያ ያንን አድራሻ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘር ውስጥ ይጻፉ። መግቢያ ስሙ «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉ «ኦፕንሚዲያቮልት» ነው (ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት)፤ ወዲያው ይቀይሩት። ቀጥሎ የፋይሉን ዲስክ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ፎርማት ያድርጉ። ፎርማት ሲያደርጉ ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ከዚያ የጋራ ፎልደሮችን ይፍጠሩ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስምና የይለፍ ቃል ይስጡ፣ በመጨረሻም ኤስኤምቢን አብርተው ፎልደሮቹን ይጨምሩበት።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያደናግር ነገር አለ። ማንኛውንም ለውጥ «ሴቭ» ካሉ በኋላ ገጹ አናት ላይ ያልጸና ለውጥ እንዳለ የሚያሳይ ቢጫ መስመር ይመጣል። እዚያው መስመር ላይ ያለውን የ«✓» ምልክት ተጭነው እስኪያጸድቁት ድረስ ምንም ነገር አልተቀየረም። «ሁሉንም በትክክል ሠርቼ ፎልደሩ አልታይ አለኝ» ለሚል ሰው በመጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ስክሪን ሳይኖረው እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ ሥራ ሲፈታ 40 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በወር ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ቢጠቀሙ 10 እስከ 15 ዋት ይሆናል። ማሽኑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙት እንጂ በዋይፋይ አይተዉት። ኬብሉ ካት5ኢ ከሆነና ፍጥነቱ 1000 ሳይሆን 100 ሜጋቢት ላይ ከቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ በማገናኛው ውስጥ አልያዘም ማለት ነው። 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ይሄዳል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ማገናኛውን ቆርጠው እንደገና ያስገቡ።

ሁለቱን የዊንዶውስ 10 ላፕቶፖች በተመለከተ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይመልከቱ። ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ከሆኑ ወደ 11 በነጻ ያድጋሉ። ካልሆኑ በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደህንነት አፕዴት ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ባንክና ኢሜይል የሚከፈትባቸው ከሆነ ሊኑክስ ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ ይጫኑባቸው። ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል፣ በ4 ጊጋባይት ራምም አያንገራግርም።

የጋራ ዲስኩ ራሱ መጠባበቂያ አይደለም። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲይዙ በሬይድ ማጣመርም መጠባበቂያ አይሆንም፤ ልጅ የሰረዘው ወይም ቫይረስ የቆለፈው ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሆኜ የሦስት ድርጅቶችን ሂሳብ በፒችትሪ እሠራለሁ። ረዳቴ በሌላ ኮምፒውተር አብራኝ ትሠራለች። ዳታውን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አድርገን ሁለታችንም ከዚያ ብንከፍተውስ?
(የሂሳብ ባለሙያ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እባክዎ እንዳያደርጉት። ፒችትሪ የሚሠራው ፐርቬሲቭ በሚባል የዳታቤዝ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ዳታው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ሆኖ መሥራት አለበት። ዳታው ተራ የጋራ ፎልደር ውስጥ፣ ሞተሩ ሌላ ማሽን ላይ ሲሆን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወሩን ሲዘጉ ነው። እዚህ ላይ ዊንዶውስ ግዴታ ነው።

ከሁለቱ ጠንካራውን ኮምፒውተር ዋና ያድርጉት። ፕሮግራሙን መጀመሪያ እዚያ ላይ ይጫኑ፣ ዳታውን እዚያ ያስቀምጡ፣ ፎልደሩን ለረዳትዎ የመጻፍ ፈቃድ ሰጥተው ሼር ያድርጉ። በረዳትዎ ኮምፒውተር ላይ ያንን ፎልደር በአንድ የድራይቭ ፊደል ከሰኩት በኋላ ፕሮግራሙን ሲጭኑ የዳታውን ቦታ በዚያ ያመልክቱ። የዋናው ኮምፒውተር ፋየርዎል ቁጥር 3351 እና 1583 የሆኑትን ፖርቶች ለቤት ኔትወርኩ መክፈት አለበት። እነዚህ ከተዘጉ ፎልደሩ እየታየ ፕሮግራሙ ግን ድርጅቱን አልከፍትም ይላል።

በሥራ መሀል ግንኙነቱ የሚቋረጥበት የተለመደው ምክንያት ዋናው ኮምፒውተር መተኛቱ ነው። በፓወር ማስተካከያው «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት። በዲቫይስ ማኔጀር የኔትወርክ ካርዱን ከፍተው ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክትም ያንሱ። ሁለቱም ማሽኖች በኬብል ይገናኙ፤ ዋይፋይ ለዳታቤዝ አይታመንም።

ሊኑክስ ሰርቨሩ ግን ሥራ አያጣም። በየቀኑ ሥራ ሲጨርሱ ከራሱ ከፒችትሪ ውስጥ ባካፕ ያውጡና የሚወጣውን ፋይል እሱ ላይ ያስቀምጡ። የስሙ መጨረሻ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ የትናንቱን በዛሬው አይተኩ።

ጥያቄ፦ ራውተራችን ላይ የሰካነውን ሃርድ ዲስክ አሮጌው ላፕቶፕ ያለ ይለፍ ቃል ይከፍተው ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ግን አልከፍትም አለ። የሌላውን ላፕቶፕ የጋራ ፎልደር ስከፍት ደግሞ ፒን ኮዴን በትክክል ባስገባም «የተሳሳተ» ይለኛል።
(አንባቢ፣ ከሃዋሳ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የፒኑ ቀላል ነው፤ ፒን የሚሠራው በተፈጠረበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሲሆን በኔትወርክ አያልፍም። የሚፈለገው የዚያኛው ላፕቶፕ አካውንት ስምና ሙሉ የይለፍ ቃል ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ከሆነ ስሙ ኢሜይሉ ነው።

የዲስኩ ደግሞ እንዲህ ነው። ከ24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፕሮ የኤስኤምቢ መልእክቶች ሁሉ እንዲፈረሙ ይጠይቃል፣ በእንግድነት መግባትንም ዘግቷል። ያለ ይለፍ ቃል የገባ ሰው ፊርማውን የሚሠራበት ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ በሩ ይዘጋበታል። ራውተሩ ውስጥ ገብተው ለዲስኩ ስምና የይለፍ ቃል ይፍጠሩለት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል። ራውተሩ አሮጌውን ኤስኤምቢ 1 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግን ዊንዶውሱ ላይ ኤስኤምቢ 1ን መልሰው እንዳያበሩ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተሰራጨው በዚያ ቀዳዳ ነው። ዲስኩን ከራውተሩ ነቅለው ከላይ እንደገለጽነው ያለ የሊኑክስ ማሽን ላይ ይስኩት።

ማሽኑ «ኔትወርክ» ውስጥ ካልታየ ደግሞ አይጨነቁ። በፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር \\192.168.1.10 ብለው (የራስዎን አድራሻ ተክተው) ይጻፉ። ዋይፋዩ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ወደ «ፕራይቬት» ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄድብናል። ሊኑክስ ሰርቨር በድንገት ሲጠፋ ይበላሻል? ዩፒኤስስ ምን ያህል ይበቃል?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤክስት4 ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል ስላለው፣ ድንገት ጠፍቶ ሲነሣ የፋይል ሲስተሙን በሴኮንዶች ያስተካክላል። የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። ዲስኩን ራሱን ግን ማንም ሲስተም አያድነውም። በተለይ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ ይጎዳዋልና ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

ሰርቨር 40 ዋት፣ ራውተር 10፣ ስዊች 5 ብንል 55 ዋት ነው። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በማስተላለፍ ከሚባክነውና ባትሪው በፍጥነት ሲጠጣ ከሚቀንሰው በኋላ ግማሹን ያህል ቢጠብቁ ይሻላል፤ አዲስ እያለ ከ40 ደቂቃ በላይ አይቁጠሩበት። ፕሪንተር፣ በተለይም ሌዘር፣ አይሰኩበት።

ሲገዙ ከኋላው የዳታ መውጫ፣ ማለትም የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዳለው ያረጋግጡ። ርካሾቹ የላቸውም። ያለ እሱ ዩፒኤሱ ባትሪው ሲያልቅ ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ሰርቨሩም አብሮ ይወድቃል። ኦፕንሚዲያቮልት ላይ ነት የሚባለውን ፕለጊን ጭነው ገመዱን ካገናኙ በኋላ መብራት ከሄደ 5 ደቂቃ ሲሞላ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ያዙት። ባትሪው እስኪሟጠጥ መጠበቅ ጥሩ አይደለም፤ እነዚህ የሊድ ባትሪዎች እስከ መጨረሻው በተሟጠጡ ቁጥር ዕድሜያቸው ያጥራል።

መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሲስተሙ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ ነው) ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን «ፓወር ኦን» ያድርጉ። ይህን ያደረጉ ሰዎችም «ሰርቨሩ አንዳንዴ ጠፍቶ ይቀራል» ይላሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰርቨሩ በሥርዓት ተዘግቶ ሳለ ዩፒኤሱ ገና ኃይል እየሰጠ እያለ መብራት ከተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ተቋርጦበት አያውቅም፤ የሚያስነሣው ምልክት አላገኘም። መፍትሔው ነት ሰርቨሩን ከዘጋ በኋላ ዩፒኤሱ መውጫውን ቆርጦ መልሶ እንዲሰጥ የሚያዘውን አማራጭ ማብራት ነው። ከዚያ የዋናውን ሶኬት ነቅለው አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞክሩት፤ ሳይሞከር የተተወ ዩፒኤስ አይታመንም።

አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት የራሱ ባትሪ ዩፒኤስ ይሆነዋል፤ ለራውተሩ ብቻ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከልን አይርሱ። ባትሪው ካበጠ ግን ወዲያው አውጡት፣ የእሳት አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር መዝሙርና ስብከት ስገለብጥ አንዳንዱ ፋይል እምቢ ይለኛል። ስማቸው በአማርኛ ነው። በሊኑክስ ሚንት ላይስ እንዴት በአማርኛ እጽፋለሁ?
(አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ስሙ ረዝሞ ነው። ሊኑክስ ለአንድ የፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። ዊንዶውስ ግን በባይት ሳይሆን በፊደል ስለሚቆጥር 255 ድረስ ይቀበላል። የዘማሪውን ስም፣ የበዓሉን ስም፣ የደብሩን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አንድ ላይ የያዘ ስም በቀላሉ 85ን ያልፋል። ስሙን ያሳጥሩ፤ ዝርዝሩን በፎልደር ስም ይከፋፍሉት፣ ልኩ ለእያንዳንዱ ስም ለየብቻ ነውና።

ለመጻፍ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ይጫኑና በግብዓት ዘዴው ዝርዝር አማርኛን ይጨምሩ። ለፊደል ቅርጽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይበቃሉ። የሚያስቸግረው ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው የድሮ ሰነድ ነው። ውስጡ ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይታያል። ፎንቱን ወደ ሊኑክሱ ቢገለብጡት ይነበባል፤ ፍለጋ ግን አይሠራበትም፣ ወደ ስልክ ሲላክም መልሶ ይበላሻል። ዊንዶውሱን ከማጥፋትዎ በፊት እነዚያን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ፤ ከተለወጡት አንድ ሁለት ገጽ ከዋናው ጋር ያመሳክሩ፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ይዛባሉና።

ጥያቄ፦ ደሴ ላሉት ወላጆቼ ከዚህ ዴስክቶፕ፣ ዩፒኤስና ራውተር ልልክላቸው አስቤአለሁ። ምን ልጫንበት? ከዚህ ሆኜስ ልረዳቸው እችላለሁ?
(አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ዩፒኤሱን ተዉት። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ እዚያው አገር ቤት ይገዛ። የዴስክቶፑን ፓወር ሰፕላይ ከኋላ ይመልከቱ። «115/230» የሚል ቀይ መቀያየሪያ ካለው ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት፤ «100–240» የሚል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል። የራውተሩ አስማሚም ላይ ይኸው ጽሑፍ መኖሩን ያረጋግጡ።

ወላጆችዎ ዩቲዩብና የቪዲዮ ጥሪ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ይሻላቸዋል። ክሮምኦኤስ ፍሌክስም ቀላል ነው፣ ግን የአንድሮይድ መተግበሪያ አይጭንም፤ ያንን ጠብቀው ከሆነ ያዝናሉ። ለርቀት እርዳታ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ ከመላክዎ በፊት እዚያው ጭነው በስልክዎ ኢንተርኔት ይሞክሩት። የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ በራውተሩ ላይ ፖርት 3389 ከፍተው ለኢንተርኔት እንዳያጋልጡት፤ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ያለማቋረጥ የሚያስሱት ፖርት ነው። ዊንዶውስ ከመረጡ ደግሞ ዋይፋዩን «ሜትርድ» ብለው ይመዝግቡት፤ አለዚያ የወላጆችዎ የኢንተርኔት ጥቅል በአፕዴት ያልቃል። አፕዴቱን በወር አንድ ጊዜ፣ እርስዎ በርቀት ገብተው ሳሉ ያውርዱላቸው።